ሂት ፓምፕ ውሃ ማሞቂያን በቤዝመንት ማስገጠም፦ ከክፍል ልኬት እስከ ዓመታዊ ጥገና

በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ቤት ገዝተው የሚኖሩ ወገኖች ቦይለራቸው ባረጀ ቁጥር የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ሂት ፓምፕ የሚባለውን ልናስገባ አስበናል፤ ነገር ግን ያስገቡ ሰዎች ውሃው ቶሎ አይሞቅም፣ ቤዝመንቱን ያቀዘቅዛል፣ ወለሉንም ያረጥባል ይላሉ፤ ምን ይሻለናል?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት ይልቅ በቅደም ተከተል ጽፎ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ። ሦስቱም አቤቱታዎች እውነት ናቸው፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጩት ከመሣሪያው ብልሽት ሳይሆን ካልተለካ ክፍል፣ ካልታሰበበት የውሃ መውጫና ለቤተሰቡ ካነሰ ታንክ ነው። ስለዚህ ከግዢ በፊት ያሉትን ደረጃዎች ከሌሎቹ ይልቅ አስፍቼ ጽፌያቸዋለሁ።

መመሪያው የሚያገለግለው ታንኩና ሂት ፓምፑ አንድ ላይ ለተሠሩት፣ በአሜሪካ ቤቶች ለሚገጠሙት ባለ 240 ቮልት መሣሪያዎች ነው። በየትኛውም ደረጃ ላይ ይህ ጽሑፍና የአምራቹ ማኑዋል ቢለያዩ ማኑዋሉን ይከተሉ፤ ዋስትናው የሚጸናው በማኑዋሉ መሠረት ለተገጠመ መሣሪያ ነውና።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት

መሣሪያውን እንደተገለበጠ ፍሪጅ አድርጎ ማሰብ ነገሩን ያቀለዋል። ፍሪጅ በሆዱ ውስጥ ያለውን ሙቀት አውጥቶ በጀርባው በኩል ወደ ኩሽናው ይለቃል፤ ሂት ፓምፕ ደግሞ ከክፍሉ አየር ላይ ሙቀት ለቅሞ በታንኩ ውስጥ ላለው ውሃ ይሰጣል። በአናቱ ላይ ያለው ማራገቢያ አየር ይስባል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ጋዝ በሚዘዋወርባቸው ቱቦዎች መካከል ሲያልፍ ሙቀቱን ያስረክባል፤ ኮምፕረሰሩ ጋዙን ጨምቆ ይበልጥ ያግለዋል፤ የጋለው ጋዝም ታንኩን በከበበው ቱቦ ውስጥ ሲዞር ውሃው ይሞቃል። ኤሌክትሪኩ የሚውለው ሙቀት ለመፍጠር ሳይሆን ሙቀትን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ለማዛወር በመሆኑ፣ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚሆን ሙቀት ይገኛል።

በቁጥር እንየው። የ50 ጋሎን ውሃን ሙቀት በ60 ዲግሪ ፋራናይት ከፍ ለማድረግ 25,000 ቢቲዩ ገደማ፣ ማለትም 7.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ባለ 4,500 ዋት የተለመደው የኤሌክትሪክ ቦይለር ይህን በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል፤ 7.3 ኪሎዋት ሰዓቱንም ሙሉ በሙሉ ከቆጣሪው ይወስዳል። በሰዓት 4,200 ቢቲዩ ገደማ የሚሰጥ ሂት ፓምፕ ግን ለዚያው ሥራ 6 ሰዓት ይፈጅበታል፤ የሚበላው ኤሌክትሪክ ወደ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ቁጠባውን የሚፈልግ ሰው ዝግታውን አብሮ መቀበልና ለዝግታው መዘጋጀት አለበት። በተጨማሪም መሣሪያው ሙቀት ሲወስድ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ይተፋል፤ ከአየሩ የተጨመቀው እርጥበትም ልክ እንደ ኤር ኮንዲሽነር ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ለእነዚህ ጠባዮች ቦታ የማዘጋጀት ሥራ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ወረቀትና እርሳስ
• ኤሌክትሪክ መኖርና አለመኖሩን የሚያሳይ ቴስተር
• ረጅም የውሃ ጎማና ባልዲ
• የቧንቧ መፍቻዎች፣ ቴፍሎን
• ከብረት ታንክና ከመዳብ ቧንቧ መካከል የሚገባ ዳይኤሌክትሪክ ማያያዣ
• ለተንጠባጣቢው ውሃ የሚሆን ባለ 3/4 ኢንች የፒቪሲ ቧንቧ ከነማያያዣዎቹና ከነማጣበቂያው
• የወለል መውረጃ በአቅራቢያ ከሌለ ተንጠባጣቢውን ውሃ የሚገፋ አነስተኛ የኮንደንሴት ፓምፕ
• ከታንኩ ሥር የሚቀመጥ ሳህንና ንዝረት የሚቀንስ ወፍራም ጎማ
• እንደ ቤቱ ሁኔታ ሲሞቅ የሚሰፋውን ውሃ የሚቀበል የኤክስፓንሽን ታንክና የሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ መቀላቀያ ቫልቭ
• ለጥገና ጊዜ ነጭ ኮምጣጤና ታንኩን ከዝገት ለሚጠብቀው የአኖድ ዘንግ የሚሆን የቡሎን መፍቻ (በብዙ ሞዴሎች ላይ 1 ኢንች ከ1/16)

ከግዢ በፊት

1. የክፍሉን ይዘት ይለኩ። የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በጫማ ለክተው እርስ በርስ ያባዟቸው። ብዙ አምራቾች የሚጠይቁት 700 ኪዩቢክ ጫማ ገደማ ነው፤ አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች በ450 ይበቃቸዋል። 10 ጫማ በ9 ጫማ የሆነ፣ ጣሪያው 8 ጫማ ከፍታ ያለው ክፍል 720 ኪዩቢክ ጫማ ስለሚሆን ይበቃል። የድሮው ቦይለር ቆሞበት የነበረው 4 በ4 ቁምሳጥን ግን 128 ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ በሩ ተዘግቶበት የሚሠራ ሂት ፓምፕ ራሱ ያቀዘቀዘውን አየር መልሶ እየሳበ ይውላል። እንዲህ ሲሆን ሙቀት የሚለቅምበት አየር ስለሚያጣ በውስጡ ያሉትን የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች ያበራል፤ ባለቤቱም ውድ መሣሪያ ገዝቶ የቀድሞውን የመብራት ሂሳብ ይከፍላል።

ክፍሉ ጠባብ ከሆነ መፍትሔው የቁምሳጥኑን በር ከላይ እስከ ታች አየር በሚያሳልፍ ባለ ርብራብ በር መቀየር፣ ወይም የአየር ቱቦ መዘርጋት ነው። የርብራቡ ክፍተት ምን ያህል መሆን እንዳለበት ማኑዋሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቁመቱንም አይርሱ። ኮምፕረሰሩ በአናቱ ላይ ስለሆነ ይህ መሣሪያ በተመሳሳይ ጋሎን ካለው ቦይለር ይረዝማል፤ የአየር ማጣሪያውን መዝዞ ለማውጣትም ከላይ ወይም ከጎን ክፍት ቦታ ያስፈልጋል።

2. በክፍሉ ውስጥና በዙሪያው ያለውን ነገር ይመልከቱ። በመጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት ያስቡ። ብዙዎቹ ሞዴሎች የአካባቢው አየር ወደ 40 ዲግሪ ፋራናይት አቅራቢያ ሲወርድ ኮምፕረሰሩን አቁመው በኤሌክትሪክ ማሞቂያው ብቻ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ያልተሸፈነና የማይሞቅ ጋራዥ በክረምት ቁጠባውን ያሳጣል። ፈርነስ (የቤቱ አየር ማሞቂያ) ያለበት የቤዝመንት ክፍል ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ቦታ ነው።

ቀጥሎ ድምፁን ያስቡ። ድምፁ ከአሮጌ ፍሪጅ ከፍ ያለ፣ ከመስኮት ኤር ኮንዲሽነር ያነሰ ነው ማለት ይቻላል። ለብዙዎች ምንም አይደለም፤ ነገር ግን ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት ቤዝመንት ውስጥ የሚተኙ ከሆነ፣ መሣሪያው ከመኝታቸው ጋር ግድግዳ ባይጋራ ይመረጣል። የሚተፋው ቀዝቃዛ አየርም ወደ አልጋ ወይም ወደ ሶፋ እንዳይዞር የመውጫውን አቅጣጫ ከመግጠሙ በፊት ይወስኑ።

በሦስተኛ ደረጃ መሣሪያው ምን ዓይነት አየር እንደሚስብ ይመርምሩ። የልብስ ማድረቂያ ብናኝ ማጣሪያውን ይደፍናል። በርበሬና ሽሮ ቤዝመንት ውስጥ የሚያዘጋጅ ቤተሰብ ከሆነ ዱቄቱ በማጣሪያው ላይ ይጋገራል፤ ቅባት ያለው የማብሰያ ጭስ ደግሞ ከብናኝም ይብሳል። የበረኪና፣ የቀለም ማቅጠኛና የፀጉር መሥሪያ ኬሚካሎች ትነት ሙቀት የሚለቅሙትን ስስ ብረቶች ስለሚበላ በዚያ ክፍል ውስጥ ክፍት ሆነው መቀመጥ የለባቸውም። በሌላ በኩል ቤዝመንቱ እርጥበት የሚያጠቃው ከሆነ ይህ መሣሪያ አየሩን ስለሚያደርቅ በሰመር ወራት የእርጥበት ማስወገጃ ማሽኑን ሥራ ይቀንስለታል፤ የጤፍ ጆንያ ቤዝመንት ለሚያስቀምጥ ቤት ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚተፋውን ቀዝቃዛ አየር በቱቦ ወደ ውጭ አውጥቶ የሚስበውን አየር ከቤት ውስጥ መተው አደገኛ ሊሆን ይችላል። ከቤቱ የሚወጣው አየር ሳይተካ ሲቀር በቤቱ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ በዚያው ክፍል በጋዝ የሚሠራ ፈርነስ ካለ በጭስ ማውጫው መውጣት የነበረበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ቱቦ የሚዘረጋ ከሆነ ሥራው ይህን በሚያውቅ ባለሙያ ይታቀድ።

3. የሚንጠባጠበው ውሃ የሚሄድበትን ይወስኑ። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ወቅት መሣሪያው በቀን በርካታ ሊትር ውሃ ሊያወጣ ስለሚችል፣ ባልዲ ማስቀመጥ መፍትሔ አይሆንም። በቅርብ የወለል መውረጃ ካለ ቧንቧው ለእያንዳንዱ ጫማ ርዝመት 1/4 ኢንች እያዘቀዘቀ ወደዚያ ይዘርጋ። ቧንቧው በመሐል ከፍ የሚልበት ቦታ ካለው ውሃው እዚያው ይታቆራል፤ በታቆረበትም ዝቃጭ ያበጃል፤ በመጨረሻም ወደ ኋላ ተመልሶ በመሣሪያው ጎን ይፈስሳል። መውረጃ ከሌለ አነስተኛ ፓምፕ ይገጠማል። ፓምፑ ሶኬት እንደሚያስፈልገውና ውሃው ሞልቶ ሳይወጣ ሲቀር መሣሪያውን የሚያቆም መቆጣጠሪያ ያለው ቢሆን እንደሚሻል ልብ ይበሉ።

አንዳንድ ሞዴሎች ዋናና ተጠባባቂ የሆኑ ሁለት የውሃ መውጫዎች አሏቸው። ሁለተኛው ዋናው ሲደፈን የሚያገለግል ስለሆነ «ትርፍ ነው» ተብሎ መታሸግ የለበትም። ቧንቧው ወደ ውጭ ግድግዳ የሚወጣ ከሆነም በክረምት ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሊደፈን ስለሚችል የቤት ውስጥ መውረጃ ይመረጣል።

4. የኤሌክትሪክ መስመሩን ያረጋግጡ። የሚተካው የድሮ ቦይለር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከነበረ ባለ 240 ቮልት፣ ባለ 30 አምፒር ብሬከርና ባለ 10 ጌጅ የመዳብ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል። የድሮው የጋዝ ከነበረ አዲስ መስመር ከፓኔሉ (ከብሬከሮቹ ሳጥን) መሳብ አለበት፤ ባለ 100 አምፒር ፓኔል ያላቸው አሮጌ ቤቶች ደግሞ ቦታ ሊያጥራቸው ይችላል። ለእነዚህ ቤቶች በተለመደው 120 ቮልት ሶኬት የሚሰኩ ሞዴሎች አሉ፤ ሆኖም ጠንካራ አጋዥ ማሞቂያ ስለሌላቸው ውሃ ካለቀ መልሰው ለማሞቅ ብዙ ሰዓት ይወስዳሉ። እነዚህን የሚመርጥ ሰው ታንኩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ ይግዛ።

5. የታንኩን መጠን ይምረጡ። በግርድፉ ከ1 እስከ 3 ሰው ለሚኖርበት ቤት 50 ጋሎን፣ ከ3 እስከ 4 ሰው ላለበት 65 ጋሎን፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ቤተሰብ 80 ጋሎን ይበቃል። «የድሮው 40 ጋሎን ነበር፤ 40 ይበቃናል» የሚለው ስሌት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ፈጥኖ የሚያሞቀውን በዝግታ በሚያሞቅ ሲተኩ ልዩነቱን የሚሞላው የተጠራቀመ ሙቅ ውሃ ነው። በመሣሪያው ቢጫ መለያ ላይ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጋሎን ሙቅ ውሃ እንደሚሰጥ ተጽፏል። ጠዋት ቤተሰቡ በሙሉ ተከታትሎ የሚታጠብበትን ሰዓት አስበው ያንን ቁጥር ያመዛዝኑ። የዓመት በዓል ዋዜማ እንግዳ ግን መለኪያ መሆን የለበትም፤ ለዚያ ቀን በደረጃ 11 የምገልጸው ሌላ መንገድ አለ።

6. ፈቃዱንና ቅናሹን ከመግዛትዎ በፊት ይጨርሱ። በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች የቧንቧና የጋዝ ሥራ ፈቃድ የሚሰጠው የውሃ ድርጅቱ ደብልዩ ኤስ ኤስ ሲ ነው፤ በሌላ ቦታ የከተማዎን ወይም የካውንቲዎን የሕንፃ ፈቃድ ክፍል ይጠይቁ። ፈቃድ ሲወጣ ሥራውን ተቆጣጣሪ ያየዋል፤ ቤቱን በሚሸጡበት ጊዜም ጥያቄ እንዳይነሳ ያደርጋል። የመብራት ኩባንያዎች የሚሰጡት የዋጋ ቅናሽ ብዙውን ጊዜ የተወሰኑ ሞዴሎችን ወይም የተመዘገበ ገጣሚን ስለሚጠይቅ ቅድመ ሁኔታውን ደረሰኝ ከመቁረጥዎ በፊት ያንብቡ። እስከ 2,000 ዶላር ይደርስ የነበረው የፌደራል የግብር ቅናሽ ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚገጠም መሣሪያ አይሰጥም፤ አሁንም ድረስ እርሱን ቆጥረው ዋጋ የሚነግሩ ሻጮች ስላሉ ይጠንቀቁ።

በመግጠሚያው ዕለት

የኤሌክትሪክ ማገናኘትና የጋዝ መስመር መዝጋት ፈቃድ ባለው ባለሙያ የሚሠሩ ናቸው። የሚከተሉትን ደረጃዎች የምጽፈው የቀረውን ራስዎ እንዲሠሩ ብቻ ሳይሆን፣ ሠራተኛ ቀጥረው አጠገቡ ሲቆሙ ምን መታየት እንዳለበት እንዲያውቁ ጭምር ነው።

7. የድሮውን ቦይለር ያራግፉ። ብሬከሩን አጥፍተው በቦይለሩ የሽቦ መያዣ ላይ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር ያረጋግጡ፤ የብሬከር መለያ ጽሑፍ ሊሳሳት ስለሚችል ጽሑፉን ብቻ አይመኑ። ቀዝቃዛ ውሃ መግቢያውን ይዝጉ። በታችኛው ማፍሰሻ ላይ ጎማ አስረው ወደ መውረጃ ይዘርጉ፤ ከዚያም በቤቱ ውስጥ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ይክፈቱ። ቧንቧው ካልተከፈተ አየር ስለማይገባ ውሃው በአግባቡ አይወርድም። 50 ጋሎን ውሃ ብቻውን ከ400 ፓውንድ በላይ ስለሚመዝን ታንኩን ሳያራግፉ ለማንቀሳቀስ አይሞክሩ። የሚወጣው ውሃ ሊያቃጥል ስለሚችል ብሬከሩን ከዋዜማው አጥፍቶ ማሳደሩ ጥሩ ነው።

የድሮው በጋዝ የሚሠራ ከነበረ የጋዝ ቧንቧው በባለሙያ ተዘግቶ መታተም አለበት። የጭስ ማውጫውን ከፈርነሱ ጋር ይጋራ ከነበረም የቀረው ቀዳዳ እንዲታሸግና ማውጫው ለፈርነሱ ብቻ ተስማሚ መሆኑ እንዲመረመር ይጠይቁ።

8. አዲሱን በቁመቱ ያቁሙ። መሣሪያው ከሱቅ እስከ ቤት ቆሞ መጓዝ አለበት። በጎኑ ከተኛ የኮምፕረሰሩ ዘይት ከቦታው ስለሚሸሽ ወዲያው ቢነሳ ኮምፕረሰሩ ያለ ዘይት ዞሮ ሊበላሽ ይችላል፤ ተኝቶ ከመጣ ማኑዋሉ የሚያዘውን ያህል፣ ከተጠራጠሩም አንድ ሙሉ ቀን፣ አቁመው ይጠብቁ። ከሥሩ ሳህንና ጎማ አድርገው በውሃ ልክ ያስተካክሉት፤ ዘንበል ካለ ተንጠባጣቢው ውሃ ወደ መውጫው አይሄድም። በካሊፎርኒያና በሲያትል አካባቢ የሚኖሩ አንባቢዎች የመሬት መንቀጥቀጥ ማሰሪያ በላይኛውና በታችኛው ሲሶ ላይ ማሠር እንደሚጠበቅባቸው ያስታውሱ።

9. ቧንቧዎቹን ያገናኙ። መዳብና ብረት በቀጥታ ከተነካኩ ብረቱ ቶሎ ስለሚዝግ ዳይኤሌክትሪክ ማያያዣ በመካከላቸው ይግባ። በዋናው የውሃ መግቢያ ላይ ግፊት መቀነሻ ወይም ውሃ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ካለ ሲሞቅ የሚሰፋው ውሃ መሄጃ ስለሚያጣ የኤክስፓንሽን ታንክ ያስፈልጋል። የቤቱ የውሃ ግፊት ከ80 ፒኤስአይ በላይ ከሆነ ግፊት መቀነሻ መግጠም ግዴታ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሙቀቱ 210 ዲግሪ ፋራናይት ወይም ግፊቱ 150 ፒኤስአይ ሲደርስ የሚከፈተው የደኅንነት ቫልቭ ታንኩ እንዳይፈነዳ የሚጠብቅ የመጨረሻው መከላከያ ነው። ከእርሱ የሚወርደው ቧንቧ ከወለሉ ከ6 ኢንች ባልበለጠ ከፍታ ላይ ክፍት ሆኖ ይቁም፤ ጫፉ አይታሸግ፣ ቫልቭ አይገጠምበት፣ የተንጠባጣቢው ውሃ ቧንቧም ከእርሱ ጋር አይቀጠል። ውሃ ሲንጠባጠብበት አይቶ በክዳን የዘጋ የቤት ባለቤት አጋጥሞኛል፤ የሚንጠባጠብ ቫልቭ ይመረመራል ወይም ይቀየራል እንጂ አይዘጋም።

10. መጀመሪያ ውሃ ይሙሉ፤ ኤሌክትሪኩን ከዚያ በኋላ ያብሩ። ማፍሰሻውን ዘግተው ቀዝቃዛውን ይክፈቱ። በቤቱ ውስጥ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተው፣ አፉ ላይ ያለውን ወንፊት አውልቀው፣ ውሃው አየር መትፋቱን አቁሞ ለጥቂት ደቂቃዎች ሳይቆራረጥ እስኪፈስስ ይጠብቁ። በባዶ ታንክ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያገኘ ማሞቂያ በጥቂት ሰከንዶች ይቃጠላል፤ እንዲህ ያለውን ጥፋት ዋስትና አይሸፍነውም። ሁሉንም መገጣጠሚያዎች በደረቅ ወረቀት ነካክተው ፍሳሽ አለመኖሩን ካዩ በኋላ ብሬከሩን ያብሩ። ኮምፕረሰሩ ለመነሳት ደቂቃዎች ሊወስድ ስለሚችል «አልሠራም» ብለው ደጋግመው አያጥፉና አያብሩት።

11. ሙቀቱንና የአሠራር ምርጫውን ያስተካክሉ። ለአብዛኛው ቤት 120 ዲግሪ ፋራናይት ይበቃል። 140 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በ5 ሰከንድ ገደማ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። በ140 ማስቀመጥ ከአንድ ታንክ የሚገኘውን ሙቅ ውሃ ያበዛል፣ ሌጂዮኔላ የተባለውንም ባክቴሪያ ይገድላል፤ ነገር ግን ከታንኩ መውጫ ላይ መቀላቀያ ቫልቭ ሳይገጠም መሞከር የለበትም። ሂት ፓምፑም ውሃው በጋለ መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ቁጠባውም ይጎድላል።

ስማቸው ከአምራች አምራች ቢለያይም ምርጫዎቹ በጥቅሉ አራት ናቸው። የመጀመሪያው በሂት ፓምፑ ብቻ የሚሠራው ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ይቆጥባል፣ ከሁሉም ይዘገያል። ሃይብሪድ የሚባለው በሂት ፓምፑ ይሠራና ፍጆታው ሲበዛ ኤሌክትሪኩን ይጨምራል፤ ለአብዛኛው ቤተሰብ በዚህ መጀመር ጥሩ ነው። ሦስተኛው በኤሌክትሪክ ማሞቂያው ብቻ የሚሠራው ፈጣኑ ሲሆን አራተኛው ለጉዞ ጊዜ የሚሆነው ቫኬሽን ነው። ለፋሲካ ወይም ለሠርግ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ከዋዜማው ጀምሮ ፈጣኑን ምርጫ ያብሩ፤ ብዙ ሞዴሎች ቀን ተወስኖላቸው በራሳቸው ስለሚመለሱ የቀን ገደቡን ያስገቡ።

12. የመጀመሪያውን ቀን ይከታተሉ። ባዶ የነበረ ታንክ ሙሉ በሙሉ እስኪሞቅ ሰዓታት ስለሚፈጅ መሣሪያው ጠዋት እንዲገጠም ቀጠሮ ይያዙ። ማታ ከመተኛትዎ በፊት ሦስት ነገር ይዩ፦ ከማራገቢያው የሚወጣው አየር ቀዝቅዟል ወይ፣ የተንጠባጣቢው ቧንቧ ጫፍ ረጥቧል ወይ፣ በሳህኑ ላይ ውሃ አለ ወይ። በክረምት አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቧንቧው ላይረጥብ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ አንድ ብርጭቆ ውሃ በቀስታ ወደ መሰብሰቢያው አፍስሰው በሌላኛው ጫፍ መውጣቱን ያረጋግጡ።

ከተገጠመ በኋላ የሚደረግ እንክብካቤ

13. የአየር ማጣሪያውን በየወሩ ይዩት። በብናኝ ከተሸፈነ በለብ ያለ ውሃ አጥበው፣ በደንብ አድርቀው ይመልሱት። የተደፈነ ማጣሪያ ያለው መሣሪያ ትንሽ ቁምሳጥን ውስጥ እንደተዘጋበት መሣሪያ ነው፤ አየር አጥቶ ወደ ኤሌክትሪክ ማሞቂያው ይሸሻል።

14. በየዓመቱ፣ ቢቻል ሰመር ከመግባቱ በፊት፣ የተንጠባጣቢውን ውሃ መስመር በኮምጣጤና በውሃ ድብልቅ ያጽዱ። በዚያው ቀን ብሬከሩን አጥፍተው ከታንኩ ሥር ጥቂት ባልዲ ውሃ በማፍሰስ የተጠራቀመውን ደለል ያውጡ። ውሃው ጥርት ብሎ ሲወርድ ይበቃል።

15. የአኖዱን ዘንግ ማኑዋሉ በሚያዘው ጊዜ ያስመርምሩ። ከማግኒዥየም ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራው ይህ ዘንግ በታንኩ ብረት ምትክ ዝገት እንዲበላው ሆን ተብሎ የገባ ነው። ዘንጉ አልቆ ውስጡ ያለው ሽቦ ከታየ ዝገቱ ወደ ታንኩ ይዞራል፤ ታንክ ደግሞ ከበሳ በኋላ አይጠገንም። ቡሎኑ ጠብቆ ስለሚገኝ ብሬከሩንና ውሃውን ዘግተው፣ ጥቂት ውሃ አፍስሰው፣ ታንኩን ሰው ይዞልዎት ይፍቱት።

ረጅም ጉዞ ሲኖር፦ ለአንድና ለሁለት ወር ወደ አገር ቤት የሚሄዱ ቤተሰቦች ቫኬሽን የሚለውን ምርጫ መርጠው መሣሪያውን ሳያጠፉት ይሂዱ፤ ቤቱ ቢቀዘቅዝ በታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚጠብቀው እርሱ ነው። ሲመለሱ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳይነካ በቆየ የሙቅ ውሃ መስመር ውስጥ ሃይድሮጅን ጋዝ ሊጠራቀም ይችላል፤ ይህም በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። ዕቃ ማጠቢያም ሆነ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ከመክፈትዎ በፊት የኩሽናውን ሙቅ ውሃ ለበርካታ ደቂቃዎች ያፍስሱ። በዚያን ጊዜ በአቅራቢያው ሲጋራ፣ ሻማም ሆነ የዕጣን ፍም አይኑር።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

• ለእንግዳ የተበራውን ፈጣን ምርጫ ረስቶ መተው። የመብራት ሂሳብ ድንገት ከጨመረ ቴክኒሻን ከመጥራትዎ በፊት ሰሌዳው ላይ የትኛው ምርጫ እንደበራ ይመልከቱ።

• ውሃው ለብ ሲል ወዲያው ሙቀቱን ወደ 140 ከፍ ማድረግ። መጀመሪያ ማጣሪያውን ያጽዱ፤ ቀጥሎ ከሂት ፓምፕ ብቻ ወደ ሃይብሪድ ይቀይሩ፤ ሁለቱም ካልረዱ ታንኩ ለቤተሰቡ አንሷል ማለት ሊሆን ይችላል።

• መሣሪያው ያለበትን ክፍል ቀስ በቀስ የዕቃ ማከማቻ ማድረግ። ሻንጣና ካርቶን ሲደረደርበት የተለካው 720 ኪዩቢክ ጫማ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፤ ከአየር መግቢያውና ከመውጫው ፊት በተለይ ምንም አይቀመጥ።

• የሚንጠባጠበውን ውሃ የታንክ ፍሳሽ ነው ብሎ መደንገጥ፣ ወይም በተቃራኒው የታንክ ፍሳሽን «ይህስ የተለመደው ነው» ብሎ መተው። መለያው ቀላል ነው። መሣሪያውን ለአንድ ቀን በኤሌክትሪክ ማሞቂያው ብቻ እንዲሠራ ያድርጉት፤ ኮምፕረሰሩ ስለማይሠራ ከአየር የሚጨመቅ ውሃ አይኖርም። ወለሉን አድርቀው በማግሥቱ ይመልከቱ፤ ደርቆ ካገኙት የተደፈነውን የውሃ መውጫ መስመር ያጽዱ። እንደገና ረጥቦ ካገኙት ግን ውሃው ከታንኩ ወይም ከቧንቧ መገጣጠሚያ የሚመጣ ስለሆነ ብሬከሩን አጥፍተው፣ ቀዝቃዛ ውሃ መግቢያውን ዘግተው ባለሙያ ይጥሩ።